አሊ ከታይሰን ማን ያሸንፋል? ዘመናቸው የተራራቀ ቦክሰኞችን ከማጋጠማችሁ በፊት

ጀበና ቡና ላይ አራት ሰው ከተቀመጠና ከአራቱ አንዱ አባቱ ስለ መሐመድ አሊ ክሌይ ሲያወራ እየሰማ ያደገ ከሆነ፣ ሌላኛው ደሞ ስልኩ ላይ የማይክ ታይሰንን ዝረራዎች ሲያይ ያመሸ ከሆነ፣ በቃ በረካው እስኪደርስ ጭቅጭቁ አያልቅም። እኔ ራሴ በቅርቡ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እንደዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ ከተጨቃጨቅን በኋላ ነው የገባኝ፣ እሱ ለካ የ1988ቱን ታይሰን ይዞ ያጋጠመው ከ1975ቱ አሊ ጋር ነው፣ ያ ማኒላ ላይ እግሩ የከዳው ሰውዬ። እኔ ደሞ ሳወራ የነበረው ስለ 1966ቱ አሊና ቶኪዮ ላይ ስለተዘረረው ታይሰን። ሁለታችንም ልክ ነበርን፣ ግጥሚያው ግን አንድ አልነበረም።

ስለዚ ይሄ ጽሑፍ «ማን ታላቅ ነው» አይልም። መጀመሪያ መለኪያዎቹን አስቀምጣለሁ፣ ከዛ ሰው ሁሌ የሚጠይቃቸውን ግጥሚያዎች በነሱ እያየሁ እሄዳለሁ፣ ሰንጠረዥም አለ፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ጊዜና ዳታ ያለው የትኛውን ፍልሚያ ቢያይ እንደሚሻል እላለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

## መለኪያዎቹ

የትኛው ዓመት? ግማሹ ጭቅጭቅ እዚህ ጋ ነው ሚያልቀው። «አሊ» ሚባል አንድ ሰው የለም፣ ቢያንስ ሦስት ነው። ከ1964 እስከ 1967 ያለው፣ 96 ኪሎ ሆኖ እንደ ቀላል ሚዛን የሚራመደው፣ ሰው ሊነካው ያቃተው አሊ አለ። ከዛ ወታደር አልሆንም ብሎ ቀበቶውን ተነጥቆ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ከሪንግ ርቆ በ1970 የተመለሰው አለ፣ እግሩ ቀንሷል ግን አእምሮው በስሏል፣ መመታትም ችሏል (ይሄኛው ነው ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን፣ ማኒላ ላይ ጆ ፍሬዘርን ያሸነፈው)። ሦስተኛው በ1980 ላሪ ሆምስ ፊት የቆመው ነው፣ እሱን ለክርክር ማምጣት ነውር ነው። ታይሰንም እንደዛው። ሚካኤል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ የዘረረው የጁን 1988ቱ ታይሰንና ከእስር ወጥቶ በ1996 ከሆሊፊልድ ጋር የገጠመው ታይሰን ስማቸው ነው አንድ። በመሀል አሰልጣኙን ኬቨን ሩኒን አባሯል፣ ከሱ ጋር ደሞ ያ ጭንቅላት እያወዛወዙ መግባት፣ በጃብ (ከፊት ባለው እጅ በሚሰነዘር ፈጣን ቀጥ ያለ ቡጢ) እየጀመሩ መምታት ሁሉ ቀስ በቀስ ጠፍቷል። ሰዎች ሲከራከሩ የራሳቸውን ሰው ከምርጥ ዓመቱ፣ የሌላውን ከመጥፎ ዓመቱ ነው ሚያመጡት፣ ያውም ሳያውቁት።

አካል። ቁመት፣ የተዘረጋ ክንድ ርዝመትና ኪሎ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። ዛሬ ክሩዘር ሚባለው፣ ከከባድ ሚዛን በታች ያለው ሚዛን ጣሪያው 90.7 ኪሎ ነው። ሮኪ ማርሲያኖ በ1952 ሻምፒዮን ሲሆን 83 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነበር። ጃክ ዴምፕሲ 85። ጆ ሉዊስ እንኳን ጀርመናዊውን ሽሜሊንግን በ1938 ሲደፋው 90 ኪሎ ስለነበር ዛሬ ቢሆን ለክሩዘር ይመዘን ነበር። በሌላ በኩል ሌኖክስ ሉዊስ 196 ሴንቲ ቁመት፣ 213 ሴንቲ ክንድና 111 ኪሎ ይዞ ነው ሚመጣው። ታይሰን ፊዩሪ ደሞ 206 ሴንቲ፣ እሱማ ግንብ ነው። ግን ኪሎ ብቻውን አይፈርድም፤ ዴምፕሲ በ1919 ቶሌዶ ላይ ከሱ 26 ኪሎ ገደማ የሚበልጠውን ጄስ ዊላርድን በመጀመሪያው ራውንድ ብቻ ሰባቴ ጥሎታል። ዩክሬናዊው ኡሲክም በ2024 ሪያድ ላይ ከሱ 18 ኪሎ ገደማ የሚከብደውን ፊዩሪን አሸንፏል።

ሕግ። ከ1982 በፊት የሻምፒዮና ፍልሚያ 15 ራውንድ ነበር። በኖቬምበር 1982 ላስቬጋስ ላይ ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ከሬይ ማንቺኒ ጋር ሲጋጠም 14ኛው ላይ ወድቆ ከቀናት በኋላ ሞተ፣ ከዛ በኋላ ነው በዛው አስር ዓመት ውስጥ ወደ 12 የወረደው። ሦስት ራውንድ ምን ለውጥ ያመጣል ትሉ ይሆናል፣ ለአንዳንዱ ሰው ሁሉንም ነገር ነው። ማርሲያኖ በ1952 ሻምፒዮኑን ዋልኮትን የዘረረው 13ኛው ላይ ነው፣ በነጥብ እየተመራ፣ ስለዚ በዛሬ ሕግ ተሸንፎ ወደ ቤቱ ነበር። ሹገር ሬይ ሊዮናርድም በ1981 ሄርንስን ያስቆመው 14ኛው ላይ ነው፣ እሱም እየተመራ። ሌላው፣ ድሮ የተጣለ ሰው ሲነሳ ጣዩ አጠገቡ ቆሞ መጠበቅ ይችል ነበር፣ ዴምፕሲ ዊላርድን እንደዛ ነው የጨረሰው። በ1927 ጂን ተኒን ሲጥለው ግን አዲሱ ሕግ ወደ ጥግ ሂድ ይላል፣ እሱ ቆሞ ሲያይ ቆጠራው ዘገየና ተኒ ተነስቶ አሸነፈ። የራሱ ልማድ ነው የበላው። በቀላል ሚዛኖች ደሞ ሚዛን ላይ የሚወጣበት ቀን ወሳኝ ነው፣ ወደ ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ስንደርስ አመጣዋለሁ።

ምን ዓይነት ሰው ያስቸግረዋል? ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው መለኪያ ይሄ ነው። ያሸነፋቸውን ሳይሆን ያስቸገሩትን መቁጠር። እያንዳንዱ ታላቅ ቦክሰኛ የማይወደው ዓይነት ሰው አለው፣ ተቃራኒው ያንን ዓይነት ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሳይመቸው ሲቀር ምን ያደርጋል? ስድስተኛው ራውንድ ላይ ዕቅዱ ካልሠራ ሌላ ዕቅድ አለው ወይ? ትንፋሹስ?

መለኪያ ውስጥ ሆን ብዬ ያላስገባሁት ሪከርድ ነው። 49 ለ 0 (ማርሲያኖ)፣ 50 ለ 0 (ሜይዌዘር) ሚባለው ቁጥር ለቲሸርት ያምራል። ሮቢንሰን 19 ጊዜ ተሸንፏል፣ ግን 174 ጊዜ ደሞ አሸንፏል፣ ካሸነፋቸው አንዳንዶቹን አምስቴ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ስለ ቦክስ ምንም አላየም።

## እንዴት ነው ምናመጣቸው?

ሦስት መንገድ አለ፣ ከመጀመራችሁ በፊት አንዱን ምረጡ። አንደኛው የጊዜ መኪና ነው፣ ሰውየውን ከነኪሎው ከነሥልጠናው አምጥቶ ነገ ሪንግ ላይ ማቆም። በዚህ መንገድ የድሮዎቹ ትንንሾች ይጎዳሉ። ሁለተኛው «ዛሬ ቢወለድ ኖሮ» ነው፣ ዛሬ ምግቡን በልቶ ዛሬ ጂም ሠርቶ። ደስ ይላል ግን እዚህ ላይ እናንተ ናችሁ ሰውየውን እየፈጠራችሁት ያላችሁት፣ ማርሲያኖን 100 ኪሎ ካደረጋችሁት ያ በ13ኛው ራውንድ የማይደክመው ማርሲያኖ ይቀራል ወይ? ሦስተኛው እርስ በርስ ሳይሆን በዘመኑ ከነበሩት ምን ያህል ራቀ ማለት ነው። ይሄኛው ለደረጃ ጥሩ ነው፣ ለግጥሚያ ግን ምንም አይረዳም። እኔ ከዚህ በታች የምጠቀመው የመጀመሪያውን ነው፣ ከባድ ሚዛኑን በ15 ራውንድ፣ ወደ ጥግ ሂድ ከሚለው ሕግ ጋር።

ኮምፒውተር ይፍረድ ለሚሉ ደሞ፣ ተሞክሯል። በ1967 አንድ የማያሚ ሬዲዮ አዘጋጅ የድሮና የዘመኑን ሻምፒዮኖች መረጃ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ ውድድር አካሄደ፣ ኮምፒውተሩ አሊ በጂም ጄፍሪስ ተሸነፈ አለ። ጄፍሪስ እኮ ከ1905 በፊት የነበረ ሰውዬ ነው! አሊ ተናዶ ከሰሰ፣ ክሱ በስምምነት አለቀና በ1969 ከማርሲያኖ ጋር ካሜራ ፊት የውሸት ተቧቀሱ፣ ማርሲያኖ ለዚህ ብሎ ብዙ ኪሎ ቀንሶ ራሱ ላይ ሰው ሠራሽ ፀጉር አድርጎ። ብዙም ሳይቆይ በዛው ኦገስት በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፣ መጨረሻውን እንኳን አላየም። በ1970 ሲኒማ ቤት ሲታይ አሜሪካ ውስጥ ማርሲያኖ በ13ኛው ራውንድ ዘረረው፣ ለአውሮፓ ደሞ አሊ የሚያሸንፍበት ሌላ መጨረሻ ተዘጋጀ። ኮምፒውተሩም ለካ ደንበኛ ያያል።

## አሊ 1966 ከታይሰን 1988

ሁለቱም ጫፋቸው ላይ ናቸው። አሊ ሂዩስተን ላይ ክሊቭላንድ ዊሊያምስን በሦስተኛው ራውንድ ሲጨርሰው 24 ዓመቱ ነው፣ ታይሰን ስፒንክስን ሲዘርር 22 ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ቀርቶታል። አሊ 191 ሴንቲ ከ198 ሴንቲ ክንድ ጋር፣ ታይሰን 178 ከ180 ጋር። በኪሎ ታይሰን ሦስት ያህል ይበልጣል፣ ይሄን ብዙ ሰው አይጠብቀውም።

የታይሰን ዕድል እውነተኛ ነው፣ ማንም እንዳያቃልለው። አሊ እጁን ዝቅ አድርጎ፣ ቡጢ ሲመጣ ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ይስብ ነበር፣ በመጽሐፍ ሕግ ስህተት ነው፣ ለዚህ ስህተት የሚከፈለው ደሞ በግራ ሁክ (ከጎን ታጥፎ በሚመጣ የግራ ቡጢ) ነው። ሄንሪ ኩፐር በ1963 ለንደን ላይ በግራ ሁክ ጥሎት ደወል ነው ያዳነው። ፍሬዘር በ1971 በ15ኛው ራውንድ በግራ ሁክ ጀርባው መሬት እስኪነካ ጣለው። የታይሰን ግራ ሁክ ከሁለቱም የፈጠነ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ራውንዶች ላይ አሊን ወዳጄ ነው የሚል ሰው ወንበር ላይ አይቀመጥም።

ግን አሁን ወደ አራተኛው መለኪያ እንሂድ። ታይሰንን ማን አስቸገረው? ረጅም ሆኖ የማይፈራ፣ ጃብ ያለው፣ ሲጠጋው የሚያቅፈው። በ1987 ጄምስ ስሚዝ ምንም ሳይሠራ፣ እቅፍ ብቻ አድርጎት 12 ራውንድ ቆሟል፣ ታይሰን በነጥብ አሸነፈ እንጂ ከዛ እቅፍ መውጫ አላገኘም። ቶኒ ተከር በዛው ዓመት 12ቱንም ጨርሷል። በ1990 ቶኪዮ ላይ ደሞ በስተር ዳግላስ ጃብ፣ ቀኝ፣ እቅፍ፣ ጃብ፣ ቀኝ፣ እቅፍ እያለ በ10ኛው ዘረረው። እሺ ያ ታይሰን የተበላሸው ታይሰን ነበር፣ እቀበላለሁ። መንገዱን ግን አሳየ። አሊ የዳግላስን ሁሉ ነገር አለው፣ እግር ተጨምሮበት። እቅፍ ላይ ደሞ አሊ ሌባ ነው፣ የሰው አንገት ላይ ተጭኖ ማሳረፍ የሚችል እንደሱ አልነበረም፣ በ1974 ፎርማንን ግማሹን ያደከመው በአንገቱ ነው።

ሌላው አሊ 61 ጊዜ ተጋጥሞ ዳኛ 10 ቆጥሮበት አያውቅም። ከሆምስ ጋር የተቋረጠው እንኳን ከጥጉ (ከአሰልጣኙ) በኩል በቃ ተብሎ ነው። ታይሰን ደሞ ከስድስተኛው በኋላ ሰው የጨረሰበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኔ አሊ በ10ኛውና በ13ኛው መሀል እላለሁ። የ1974ቱን አሊ ካመጣችሁ ግን እኔም ቡናዬን አላስይዝም።

ታይሰን ራሱ በ1989 ቲቪ ላይ አሊ አጠገቡ ተቀምጦ ታላቁ እሱ ነው ብሎ ነበር። ይሄን እንደ ማስረጃ የሚያመጡ አሉ፣ እኔ አላመጣውም። ታላቅህ አጠገብህ ተቀምጦ ሌላ ምን ትላለህ።

## ፎርማን 1973 ከታይሰን 1988

ይሄ አጭር ነው፣ ግጥሚያውም አጭር ስለሚሆን። ፎርማን ያን ዓመት ኪንግስተን ላይ ጆ ፍሬዘርን በሁለት ራውንድ ስድስቴ ጣለው። ፍሬዘር አጭር፣ እየተወዛወዘ የሚገባ፣ በግራ ሁክ የሚኖር ሰው፣ ማንን ይመስላል? ፎርማን የሚገባውን ሰው በሁለት እጁ እየገፋ ርቀቱ ላይ አቁሞ ከታች ወደ ላይ አፐርከት ነው ሚያመጣለት። አጎንብሶ ለሚገባ ሰው ከዛ የባሰ ነገር የለም።

የታይሰን ደጋፊ መልስ አለው፣ ጥሩ መልስም ነው፦ ታይሰን እንደ ፍሬዘር ለመሞቅ ሦስት ራውንድ አይፈልግም፣ ቀኙም አለ፣ እጁም በጣም ይፈጥናል፣ የፎርማን ቡጢ ደሞ ሰፊ ነው፣ በመሀል ይገባበታል። ልክ ነው። ከስድስተኛው ካለፈ ደሞ ፎርማን ትንፋሽ የለውም፣ ኪንሻሳ ላይ አይተናል፣ በኛ ጥቅምት 20 ቀን 1967 ማለት ነው፣ እዚህ ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ወር ሳይሞላ። እኔ ግን ስድስተኛው አይደርስም ባይ ነኝ። ፎርማን፣ በሦስተኛው ወይ በአራተኛው።

ልብ በሉ እንግዲህ፣ አሊ ፎርማንን በእውነት አሸንፏል፣ ፎርማን ታይሰንን ያሸንፋል ብያለሁ፣ አሊም ታይሰንን። ይሄ ተራ ገጠመ። ሁሌ ግን እንደዚህ አይገጥምም፣ ኬን ኖርተን የሚባል ቦክሰኛ አሊን ሦስት ጊዜ አስጨንቆታል፣ አንዴ መንጋጋውን ሰብሮ አሸንፎታል፣ ፎርማን ግን ያንን ኖርተን በሁለት ራውንድ ጨርሶ፣ ተመልሶ በአሊ ተዘረረ። ሀ ለን ካሸነፈ፣ ለ ሐን ካሸነፈ ሚባለው ሒሳብ ቦክስ ውስጥ አይሠራም።

## ጆ ሉዊስ 1938 ከማርሲያኖ 1952

ይሄማ ተጋጥመዋል ሚል አለ። አዎ፣ ኦክቶበር 1951 ማርሲያኖ በስምንተኛው ራውንድ ከገመዱ ውጪ ጣለው። ሉዊስ ግን 37 ዓመቱ ነበር፣ በግብር ዕዳ ተይዞ የተመለሰ ሰው። ያ መለኪያ አይሆንም።

የ1938ቱ ሉዊስ ሽሜሊንግን ያንኪ ስታዲየም ላይ በ124 ሰከንድ ነው ያስቆመው። ቡጢው አጭር ነው፣ ከ20 ሴንቲ ርቀት ሰው ይጥላል። ማርሲያኖ ደሞ ሁለት ተቀብሎ አንድ ለመስጠት ነው ሚመጣው፣ ክንዱ 173 ሴንቲ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሌላ ምርጫም የለውም። ሉዊስን ያስቸገሩት ተንቀሳቃሾች ናቸው። ቢሊ ኮን በ1941 በ79 ኪሎ እየዞረ እስከ 12ኛው ሲመራው ነበር፣ 13ኛው ላይ ልዝረረው ብሎ ቆመና ተዘረረ። ማርሲያኖ አይዞርም፣ ራሱ ይመጣለታል። የሉዊስ ችግር ጃብ ከሰጠ በኋላ ግራ እጁን ዝቅ ማድረጉ ነው፣ ሽሜሊንግ በ1936 በዛ ቀዳዳ ቀኙን እያስገባ በ12ኛው ዘርሮታል፣ ማርሲያኖም ቀኝ አለው፣ ያውም ምን ዓይነት ቀኝ። ቢሆንም ሉዊስ በሰባተኛው አካባቢ፣ ቅንድብ ተሰንጥቆ ዳኛ የሚያስቆመው ይመስለኛል። ማርሲያኖ የሚያሸንፈው 13ኛው ከደረሰ ነው፣ 15 ራውንድ ያልኩት ለሱ ስል ጭምር ነው።

## አሊ 1966 ከኡሲክ 2024

ሰው ብዙ አያወራውም፣ ለኔ ግን ከሁሉም ጣፋጩ ይሄ ነው። ምክንያቱም አካል ከነጭራሹ ከክርክሩ ይወጣል፣ ሁለቱም 191 ሴንቲ፣ ሁለቱም ክንዳቸው 198። ሁለቱም የኦሎምፒክ ወርቅ አላቸው፣ ኡሲክ ለንደን 2012፣ አሊ ሮም 1960 (አሊ ወርቁን ባገኘ በአምስተኛው ቀን ነው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን ያሸነፈው)። ኡሲክ አምስት ኪሎ ገደማ ይበልጣል፣ በቃ።

ኡሲክ ግራኝ ነው። አሊ ደሞ ግራኝ ብዙ አላጋጠመውም፣ አንዱ ካርል ሚልደንበርገር ነው፣ ሴፕቴምበር 1966 ፍራንክፈርት ላይ፣ ልክ እኛ በመረጥነው ዓመት! ጀርመናዊው ትልቅ ስም ያለው ሰው አልነበረም፣ ግን አሊ እግሩን የት እንደሚያስቀምጥ ግራ ገብቶት ነበር፣ ሆዱንም ተመትቷል፣ እስከ 12ኛው ነው የፈጀው። ሚልደንበርገር ያንን ካደረገ ኡሲክ ምን ያደርጋል? ኡሲክ እንደ አሊ አይሮጥም፣ ወደ ፊት እየተራመደ ነው ሚዞረው፣ ሰውን እያደከመ። ፊዩሪን በዘጠነኛው ራውንድ ሊዘርረው ምንም አልቀረውም ነበር፣ ዳኛው ቆጠራ ነው ያስጀመረው።

የኡሲክ ደካማ ጎን ሆዱ ነው ይባላል፣ አሊ ደሞ ሆድ የሚመታ ሰው አይደለም፣ ጭንቅላት አዳኝ ነው። በሌላ በኩል ኡሲክ የአሊን ፍጥነት ያህል በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፣ ከባድ ሚዛን ላይ ያጋጠሙት ትላልቆች ናቸው፣ ጆሹዋ፣ ዱቧ፣ ፊዩሪ። ከሱ የፈጠነ ሰው ሲያጋጥመው ምን እንደሚሆን የታየ ነገር የለም። እኔ 15 ራውንድ ከሆነ አሊ በጠባብ ነጥብ፣ 12 ከሆነ ዳኞቹ ይከፋፈላሉ። ከአምስት ጊዜ ሁለቱን ኡሲክ ይወስዳል ብል አላፍርም።

## ሌኖክስ ሉዊስ የገባበት ሁሉ

በጊዜ መኪናው መንገድ ለድሮዎቹ ሁሉ መጥፎው ዕጣ ሌኖክስ ነው። ማርሲያኖና ዴምፕሲ እሱ ጋ መድረስ ይቸግራቸዋል። አሊ ረጅም ሰው አሸንፏል፣ 198 ሴንቲው ቴሬልን በ1967 በ15 ራውንድ፣ ግን ቴሬል 96 ኪሎ ነበር፣ ሌኖክስ 111። የሌኖክስ ጉድ አገጩ ነው፣ ማካልም ራህማንም በአንድ ቀኝ ነው የጨረሱት፣ ሁለቱንም ተመልሶ ቢበቀላቸውም። እና አሊን የሚያሰጋው ትልቅነቱ ነው፣ ፎርማን ግን አገጩን ያገኘዋል። አሊ ከሌኖክስ 50 በ50፣ ፎርማን ከሌኖክስ ደሞ መጀመሪያ ያገኘ ያሸንፋል፣ ከዚህ በላይ ልፈላሰፍ አልችልም።

## ሮቢንሰን ከሜይዌዘር፣ በ66.7 ኪሎ

እዚህ ላይ ሚዛን የሚወጣበት ቀን ይመጣል። በሮቢንሰን ጊዜ የሚመዘኑት በፍልሚያው ዕለት ነው፣ ስለዚ 66.7 ማለት 66.7 ነው። በሜይዌዘር ጊዜ ከአንድ ቀን በፊት ነው፣ ሰዉ በአንድ ሌሊት ውሃና ምግብ ሞልቶ ብዙ ኪሎ ጨምሮ ይመጣል። ሜይዌዘር ራሱ በዚህ አይታማም፣ ብዙም አይቀንስም ነበር። በዛሬው አሠራር ግን ሮቢንሰን ነው ሚጠቀመው፣ 180 ሴንቲ ሰውዬ ነው፣ ሜይዌዘር 173፣ ሪንግ ላይ ሲገናኙ ልዩነቱ ይሰፋል።

ሜይዌዘርን ማን አስቸገረው? ካስቲዮ በ2002 በጫና፣ ዴላ ሆያ በ2007 ጃቡን እስኪተወው ድረስ በጃብ፣ ማይዳና በ2014 በማያቋርጥ ድብደባ። ሮቢንሰን ጃብም አለው ጫናም አለው፣ ወደ ኋላ እየሄደ ሰው የሚዘርር ግራ ሁክም አለው። ከ1943 ጀምሮ እስከ 1951 ድረስ 91 ፍልሚያ ሳይሸነፍ ሄዷል፣ ሜይዌዘር ሙሉ ዕድሜውን የተጋጠመው 50 ነው። ግን ልንገራችሁ፣ የሮቢንሰን የዌልተር ሚዛን (የ66.7 ኪሎው) ዘመኑ ፊልም ጥቂት ነው የቀረው፣ እኛ ያየነው አብዛኛው ሚድልዌት (ከዌልተር ከፍ ያለው ሚዛን) ሆኖ ነው። ስለዚ ሮቢንሰን በነጥብ እላለሁ እንጂ «ይዘርረዋል» ከሚሉት ጋር አልሄድም፣ ሜይዌዘርን የዘረረ ሰው አላየንማ።

## በአጭሩ

| ግጥሚያ | የኔ ምርጫ | እንዴት | ውጤቱን የሚቀይረው |
|---|---|---|---|
| አሊ 1966 ከታይሰን 1988 | አሊ | ከ10ኛው በኋላ ማስቆም | የ1974ቱ አሊ ከመጣ፣ ወይ ታይሰን በሦስት ራውንድ ካገኘው |
| ፎርማን 1973 ከታይሰን 1988 | ፎርማን | ዝረራ፣ 3ኛ ወይ 4ኛ | ከ6ኛው ካለፈ ታይሰን |
| ጆ ሉዊስ 1938 ከማርሲያኖ 1952 | ሉዊስ | ዳኛ ያስቆመዋል፣ 7ኛ | 13ኛው ከደረሰ ማርሲያኖ |
| አሊ 1966 ከኡሲክ 2024 | አሊ | ጠባብ ነጥብ | 12 ራውንድ ከሆነ አይታወቅም |
| አሊ 1966 ከሌኖክስ | እኩል | ነጥብ | አንድ ቀኝ እጅ |
| ሮቢንሰን ከሜይዌዘር | ሮቢንሰን | ነጥብ | በዕለቱ ከተመዘኑ ልዩነቱ ይጠባል |

## የትኛውን ልይ?

ፓኬጃችሁ ሊያልቅ ጥቂት ሜጋ ከቀረው፣ ታይሰን ከስፒንክስ 91 ሰከንድ ነው፣ ሉዊስ ከሽሜሊንግ ሁለተኛው 124 ሰከንድ። ሁለቱንም አይታችሁ ሳንቲም ይተርፋችኋል። ትንሽ ከጨመራችሁ ፎርማን ከፍሬዘር 1973 ሁለት ራውንድ፣ አሊ ከዊሊያምስ 1966 ሦስት ራውንድ። አራቱ ተደምረው ግማሽ ሰዓት አይሞሉም፣ የአራቱንም ሰዎች ጫፍ ታያላችሁ።

ለክርክር ከሆነ የምትፈልጉት ግን እነዚህን ማየት ጉዳት አለው፣ ምክንያቱም ተቃራኒያችሁም አይቷቸዋል። ለክርክር የተሸነፉበትን ወይ የተቸገሩበትን ነው ማየት፦ ዳግላስ ከታይሰን፣ ሽሜሊንግ ከሉዊስ የመጀመሪያው፣ ሚልደንበርገር ከአሊ። ይቺን የመጨረሻዋን ጀበና ቡና ላይ ያየ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፣ ጠረጴዛው ጸጥ ይላል።

ዋይፋይና ሙሉ ቅዳሜ ያለው ሰው ማኒላ 1975ን ከመጀመሪያ እስከ 14ኛው ይይ፣ ሳያቋርጥ፣ ከዛ ሊዮናርድ ከሄርንስ 1981ን። የ15 ራውንድ ነገር ምን ማለት እንደሆነ በኔ ጽሑፍ አይገባም፣ እዛ ነው ሚገባው።

ጂም ገብታችሁ ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደሞ ማን ያሸንፋልን ተዉትና ቁመታችሁን ተመልከቱ። አጭር ከሆናችሁ ታይሰንን ከ1986 እስከ 1988 ብቻ፣ ከዛ በኋላ ያለውን አትማሩበት። ረጅም ከሆናችሁ ላሪ ሆምስን፣ ጃቡን። ግራኝ ከሆናችሁ ኡሲክን፣ እጁን ትታችሁ እግሩን። አሊን ግን ለመዝናናት እንጂ ለመማር እንዳታዩት፣ እጁን ዝቅ አድርጎ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሲስብ አይቼ ልሞክር ብዬ አፍንጫዬ ለአንድ ሳምንት አብጦ ነበር፣ የመታኝ ልጅ ደሞ 60 ኪሎ አይሞላም።